ቢጫው ጨርቅና የአንጓች ጀሪካን

ተረት ተረት።

«የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬዋ ላም ውሃ ፍለጋ ወርዳለች፤ በረቱ ባዶ ነው። «የባዶ ጀሪካን» በሉኝና ልቀጥል። አላችሁ? እሺ፣ ስሙ።

ወርቅ ከሚቆፈርበት ጋራ ሥር፣ ጭልጭሊት በምትባል ወንዝ ዳር፣ አንጓች የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ነው። የቃሪያ ችግኝ ታፈላለች፣ ቃሪያ ትለቅማለች፣ ቃሪያ ትሸጣለች። አንድ ቀን ማለዳ ተነስታ የችግኝ መደቧን ብታይ ችግኞቿ አንገታቸውን ደፍተዋል። ገና በጠዋቱ እንዲህ ከሆኑ ፀሐዩ ሲከር ምን ሊውጣቸው ነው? አንጓች ደነገጠች። አሮጌው መደቧ እያለቀ ስለነበር የዓመት ኑሮዋ ያለው እነዚህ ችግኞች ላይ ነው። እነሱ ከሞቱ የምትተካበት ዘር እንኳ የላትም። የሚያድናቸው ግን ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ጀሪካን ውሃ።

ከአሮጌው መደብ የለቀመችውን አንድ ቅርጫት ቃሪያ ተሸከመች፤ ጠዋት ጠዋት ለማዕድኑ ካምፕ ወጥ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። ባዶ ጀሪካኗንም አንጠልጥላ ወደ ጭልጭሊት ወረደች። ወንዙ ዳር ስትደርስ ቅርጫቱን ሾላው ሥር አስቀመጠችና ቀና ብላ ረጅሙን እንጨት አየች። እንጨቱ ጫፍ ላይ ቢጫ ጨርቅ ይወዛወዛል። ቅርጫቱንም፣ ወጥ ቤቱንም፣ ቁርሷንም በአንድ ጊዜ ረሳች።

የጨርቁን ነገር ካልነገርኳችሁ ተረቱ አይገባችሁም። ድሮ እንጨትም ጨርቅም አልነበረም። አንድ ክረምት ከማዕድኑ የቆሻሻ ውሃ ኩሬ ውሃ ሾለከና ጭልጭሊት ወተት መሰለች። የአንጓች ጊደር ከዚያ ጠጥታ ሞተች። አንጓች ጊደሯን በገዛ እጇ ቀበረችና ሄዳ ማዕድኑ በር ላይ ተቀመጠች። ተነሺ ቢሏት አልነሳም አለች። መንደሩም መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። በመጨረሻ ማዕድኑና መንደሩ ተስማሙ፤ ወንዙ ዳር እንጨት ተተከለ፤ ሦስት ጨርቅም ተገዛ። አረንጓዴ ሲሰቀል ውሃው ደህና ነው፤ ቅዱ፣ ጠጡ፣ አጠጡ። ቀይ ሲሰቀል ውሃው ተበላሽቷል፤ ማንም አይንካው፤ ማዕድኑ ግን በዚያው ቀን ንጹሕ ውሃ በቦቴ ጭኖ ለመንደሩ ያመጣል። ቢጫ ሲሰቀልስ? ቢጫ ማለት ገና አልታወቀም ማለት ነው። ወንዙንም አትነኩም፣ ቦቴም አይመጣላችሁም፣ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ቢጫን ማን እንደፈለሰፋት አላውቅም፤ ጠምቶት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

እንጨቱን የሚጠብቁት ጋሽ ዘርጋው ናቸው። መንደሩም ማዕድኑም የመረጧቸው፣ ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። አንጓች ምን ተገኘና ነው ቢጫ የሰቀሉት ብላ ጠየቀቻቸው። እንቁራሪቶቹ ዝም ብለዋል አሏት። በየማለዳው ጆሮ የሚያደነቁሩት እንቁራሪቶች ዛሬ ትንፍሽ አላሉም፤ ስምምነቱ ደግሞ ከተጠራጠርክ ቢጫ ስቀል ይላል። አንጓች ጨርቁን ያውርዱልኝ፣ ችግኜ ሊሞትብኝ ነው ብላ ለመነቻቸው። ጋሽ ዘርጋው አዘኑላት፤ ግን ጨርቅ የሚቀየረው የውሃ መርማሪዋ መርምራ ስትነግረኝ ብቻ ነው አሉ። እንግዲህ ከዚህ ጀምራችሁ ያዙልኝ፤ ጨርቁ አልወርድ አለ፣ ችግኙም ቀና አልል አለ።

አንጓች ጀሪካኗን አንጠልጥላ ዳገቱን ወጣች። የውሃ መርማሪዋ ፍሬዘውድ ትባላለች፤ ማዕድኑ በር አጠገብ ባለች አንዲት ኮንቴይነር ውስጥ ትሠራለች። አንጓች ስትደርስ ፍሬዘውድ ገና በማለዳው ከወንዙ የቀዳችውን ጠርሙስ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር። አንጓች፣ ፍሬዬ ውሃውን መርምሪልኝ አለች፤ ካልመረመርሽ ጨርቁ አይወርድም፣ ጨርቁ ካልወረደ ችግኙ ቀና አይልም። ፍሬዘውድ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ አሳየቻት፤ ማሽኑንም አሳየቻት። ማሽኑ ጨለማ ነው። መብራት የለም። ዓይን አይቶ የማይለየውን የሚለየው ማሽኑ ነው፤ ማሽኑ ሳያነብ ደግሞ ደህና ነውም ተበላሽቷልም ብዬ አልዋሽም አለቻት። ልክ ናት። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ማሽኑ አላነብ አለ፣ ጨርቁ አልወርድ አለ፣ ችግኙም ቀና አልል አለ።

ከኮንቴይነሯ ጀርባ ጄኔሬተሩ አለ። አንጓች ሄዳ ፊቱ ቆመች። ጄኔሬተር ሆይ ተነስ አለችው፤ አንተ ካልተነሳህ ማሽኑ አያነብም፣ ማሽኑ ካላነበበ ጨርቁ አይወርድም፣ ጨርቁ ካልወረደ ችግኙ ቀና አይልም። ጄኔሬተሩ ዝም አለ። በጡጫ ነካ አደረገችው። አንድ ጊዜ አስነጠሰና ተመልሶ ተኛ። ፍሬዘውድ ከኋላ መጥታ ሆዱ ባዶ ነው አለቻት። የፓምፑ በርሜል ሁሌም ሙሉ ነው፣ የኢንጂነሩ መኪናም ሙሉ ነው፤ የላቦራቶሪው ጄኔሬተር ግን ናፍጣ የሚደርሰው ሁሉም ከጠገበ በኋላ ነው። ናፍጣ የጫነው መኪና ደግሞ ትናንት ይመጣል ተብሎ ዛሬም አልመጣም። እንግዲህ ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ፣ ማሽኑ አላነብ አለ፣ ጨርቁ አልወርድ አለ፣ ችግኙም ቀና አልል አለ።

አንጓች መኪናውን ፍለጋ በመንገዱ ወረደች። ሩቅ አልሄደችም። መንገዱ ጭልጭሊትን ተጠግቶ ከሚታጠፍበት ቦታ ወዲያ ማዶ መኪናው ቆሟል፤ ሾፌሩ ጉደታ እግሩን በመስኮት አውጥቶ ተኝቷል። ቀስቅሳው ችግሯን ዘረገፈችለት። ልጄ፣ መኪናህን አሳልፍ፤ መኪናው ካላለፈ ጄኔሬተሩ አይነሳም፣ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ማሽኑ አያነብም፣ ማሽኑ ካላነበበ ጨርቁ አይወርድም፣ ጨርቁ ካልወረደ ችግኙ ቀና አይልም። ጉደታ እግሩን ወደ ውስጥ አስገባና መንገዱን አመለከታት። መንገዱ ጭቃ ነው። ናፍጣ የጫነ መኪና ወንዝ ዳር ባለ ጭቃ ላይ አያልፍም፤ ይህም ከጊደሯ ሞት በኋላ የወጣ ደንብ ነው። ተንሸራትቶ ቢገለበጥ በርሜሉ ሁሉ ወንዝ ውስጥ ነው የሚገባው። ይህንንም አንጓች ታውቃለች፤ ደንቡ ሲወጣ ካጨበጨቡት አንዷ እሷ ነበረች።

ጉደታ ግን ደግ ልጅ ነው፣ አሳዘነችው። ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከራት።

«እናቴ፣ ለችግኝ አይደለም እንዴ? ከታች ይቅዱና ይሂዱ። ማን ያይዎታል?»

«እኔው አያለሁ» አለችው።

አንጓች ለችግኝ ብላ ብትቀዳ ነገ ጎረቤቷ ለበግ ይቀዳል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላዋ ለሕፃን ትቀዳለች። ከዚያ በኋላ እንጨቱ ላይ ጨርቅ ቢሰቀል ቀሚስ ቢሰቀል ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ባዶ ጀሪካኗን ባዶውን አንጠልጥላ ቆመች። መኪናው አላልፍ አለ፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ፣ ማሽኑ አላነብ አለ፣ ጨርቁ አልወርድ አለ፣ ችግኙም ቀና አልል አለ።

አሁን ደግሞ ከመንገዱ ጋር ተጣላች። አንተ መንገድ፣ በበጋ፣ አንዲት ጠብታ ሳትዘንብ፣ ምን ሆነህ ነው የጨቀየኸው? ድረቅ እንጂ! አንተ ካልደረቅህ መኪናው አያልፍም፣ መኪናው ካላለፈ ጄኔሬተሩ አይነሳም፣ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ማሽኑ አያነብም፣ ማሽኑ ካላነበበ ጨርቁ አይወርድም፣ ጨርቁ ካልወረደ ችግኙ ቀና አይልም። መንገድ አፍ ቢኖረው ከኔ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ወደ ላይ ተመልከቺ ይላት ነበር። ቀና ብላ አየች። ፓምፑ ከማዕድኑ ጉድጓድ የሚስበውን ውሃ ወደ ኩሬው የሚወስደው ወፍራም ቱቦ መንገዱ ዳር ላይ ተቀዶ ቱሽ፣ ቱሽ ይላል። መንገዱ በምን ይድረቅ? መንገዱ አልደርቅ አለ፣ መኪናው አላልፍ አለ፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ፣ ማሽኑ አላነብ አለ፣ ጨርቁ አልወርድ አለ፣ ችግኙም ቀና አልል አለ።

አንጓች ቱቦውን ተጠግታ በእግሯ ረገጠችው። ቱቦው የሚያፍር ፍጥረት አይደለም። በአንድ በኩል ሲታፈን በሌላው በኩል ዞሮ ጭቃውን ከነውሃው ፊቷ ላይ ለቀቀባት። ከፀጉሯ እስከ ቀሚሷ ጭቃ ለበሰች። ውሃ ፍለጋ ወጥታ ውሃ አገኘች፤ ግን የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ማንም እንዳይነካው የተባለው ዓይነት፣ ለችግኝ አይሆንም።

ይኼኔ የማዕድኑ ኃላፊ ኢንጂነር ናሁሠናይ በመኪና መጡ። መስኮታቸውን ትንሽ፣ ሁለት ጣት በምታስገባ ልክ ዝቅ አደረጉ። አንጓች ጭቃውን ከአፏ ላይ ጠርጋ ነገረቻቸው፤ ቱቦው አልጠገን ብሏል፣ መንገዱ አልደርቅ ብሏል፣ መኪናው አላልፍ ብሏል፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሏል፣ ማሽኑ አላነብ ብሏል፣ ጨርቁ አልወርድ ብሏል፣ ችግኜም ቀና አልል ብሏል። ኢንጂነሩ በትዕግሥት ሰሟት። ቱቦው እንዲጠገን ጠዋት እንዳዘዙ ነገሯት። ደግሞም ቢጫ ማለት ችግር አለ ማለት አይደለም፣ ተረጋጊ አሏት። ችግር የለም ማለትስ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ኢንጂነሩ መስኮቱን ዘጉ።

አትፍረዱባቸው፣ ወይም ትንሽ ፍረዱባቸው። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ግን ቀይ ከተሰቀለ ቦቴ መላክ አለባቸው፤ ቢጫ ከተሰቀለ ግን ምንም የለባቸውም። በዚያ ላይ የኢንጂነሩ ቤት ውሃ ከጭልጭሊት አይቀዳም፤ በቧንቧ ከጋራው ማዶ ነው የሚመጣው።

ጠጋኞቹ ከቱቦው ብዙም ሳይርቁ ግራር ጥላ ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። አካፋው፣ መዶሻው፣ ሽቦው፣ ላስቲኩ ሁሉ አጠገባቸው ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚነሳ ሰው። ፎርማናቸው ይልቃል ይባላል፣ ክንዱ የበሬ ጭን የሚያክል። አንጓች ልጆቼ ተነሱ አለቻቸው፤ እናንተ ካልተነሳችሁ ቱቦው አይጠገንም፣ ቱቦው ካልተጠገነ መንገዱ አይደርቅም፣ መንገዱ ካልደረቀ መኪናው አያልፍም፣ መኪናው ካላለፈ ጄኔሬተሩ አይነሳም፣ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ማሽኑ አያነብም፣ ማሽኑ ካላነበበ ጨርቁ አይወርድም፣ ጨርቁ ካልወረደ ችግኙ ቀና አይልም። ይልቃል እጁን ሆዱ ላይ አደረገ። ሌሊት ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ሠርተን ወጣን፣ ቁርስ ግን የለም አላት። የወጥ ቤቱ ደወል ካልጮኸ ምግብ የለም፤ ምግብ ከሌለ ያንን ቱቦ ማን ሊያነሳው ነው? እሱም ልክ ነው። ዛሬ ልክ ያልሆነ ሰው ጠፋ። ሁሉም ልክ ሆኖ ጠጋኞቹ አንነሳ አሉ፣ ቱቦው አልጠገን አለ፣ መንገዱ አልደርቅ አለ፣ መኪናው አላልፍ አለ፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ፣ ማሽኑ አላነብ አለ፣ ጨርቁ አልወርድ አለ፣ ችግኙም ቀና አልል አለ።

ፀሐዩ ከረረ። አንጓች ወደ መደቧ አቅጣጫ ዞራ አየች፤ ከዚህ አይታይም። ባይታይም ታያት። ከአሁን በኋላ ያለው ጊዜ ትንሽ እንደሆነ ገባትና ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች።

ደወሉ የአሮጌ መኪና ቸርኬ ነው፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ምግብ አብሳይዋ ባዩሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። መምቻው ብረት ጭኗ ላይ ተጋድሟል። ሽሮው ከበሰለ ቆይቷል፣ እንጀራው ተቆልሏል፣ ባዩሽ ግን ፊቷን አጥቁራ መንገድ መንገዱን ታያለች። አንጓች ትንፋሿን ሳትሰበስብ ጀመረች። እባክሽ ደወሉን ምቺው፤ ደወሉ ካልጮኸ ጠጋኞቹ አይነሱም፣ ጠጋኞቹ ካልተነሱ ቱቦው አይጠገንም፣ ቱቦው ካልተጠገነ መንገዱ አይደርቅም፣ መንገዱ ካልደረቀ መኪናው አያልፍም፣ መኪናው ካላለፈ ጄኔሬተሩ አይነሳም፣ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ማሽኑ አያነብም፣ ማሽኑ ካላነበበ ጨርቁ አይወርድም፣ ጨርቁ ካልወረደ ችግኙ ቀና አይልም። እዚህ ላይ ትንፋሿ አለቀ። የኔም አልቋል፤ ትንሽ ልረፍ።

እሺ። ባዩሽ ብረቱን አላነሳችም። ባለፈው ወር አንድ ቀን ሽሮ ያለ ቃሪያ ብታቀርብ ጠጋኞቹ አጉረመረሙ፤ አንዱም ይሄ ለሕሙማን ነው ብሎ ሳህኑን ገፋ። ያን ቀን ባዩሽ እንባዋ መጣ፤ በዚያው ንዴት ከዛሬ ጀምሮ ያለ ቃሪያ ደወል ብመታ ብላ ማለች። የማለችውም በልጇ ስም ነው። መሐላ ደግሞ እንደ ጨርቅ አይወርድም። ስለዚህ ደወሉ አልጮኽ አለ፣ ጠጋኞቹ አንነሳ አሉ፣ ቱቦው አልጠገን አለ፣ መንገዱ አልደርቅ አለ፣ መኪናው አላልፍ አለ፣ ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ፣ ማሽኑ አላነብ አለ፣ ጨርቁ አልወርድ አለ፣ ችግኙም ቀና አልል አለ።

አንጓች፣ ታዲያ ቃሪያው የት ሄደ ብላ ጠየቀች። ባዩሽ የልቧን ተናገረች፤ ቃሪያ የምታመጣልኝ አንዲት አጭር ሴትዮ አለች፣ ፀሐይ ሳይሞቅ ቅርጫቷን ተሸክማ ከች ትል ነበር፣ ዛሬ የት እንደገባች እንጃ፣ እንዲህ ያለች ሰው የማይጨንቃት ናት አለች። ባዩሽ ይህን ስትል ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። አንጓች ደግሞ የማይጨንቃት ያቺ ሴትዮ ማን እንደሆነች ለማየት ዞራ መንገዱን ማየት ጀመረች። እናንተ አውቃችኋል አይደል? እነሱ አላወቁም። ሁለቱም ባዶውን መንገድ እያዩ ያችን ሴትዮ አብረው ሰደቧት።

ባዩሽ የስድቡ ድምፅ አዲስ አልሆነባትም መሰለኝ፣ ቀስ ብላ ዞረች። ጭቃ የለበሰችውን ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ የሽርጧን ጫፍ አንስታ ፊቷን ጠረገችላት።

«አንጓች፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለች። «ቅርጫቱስ?»

አንጓች እጇን ወደ አናቷ ሰደደች። አናቷ ላይ ምንም የለም። ሾላው ትዝ አላት፣ ቅርጫቱ ትዝ አላት። ጠዋት ሙሉ በር ለበር እየዞረች ስትለምን የነበረው ለካ የራሷን ቃሪያ ነው። መጀመሪያ እንባዋ መጣ፣ ቀጥሎ ሳቋ መጣ፣ እንባውም ሳቁም ሳያልቅ ቁልቁል መሮጥ ጀመረች። ጠጋኞቹን አለፈች፣ ቱቦውን አለፈች፣ መንገዱን አለፈች፣ መኪናውን ከማዶ እያየች አለፈች፣ ጄኔሬተሩን አለፈች፣ ማሽኑን አለፈች፣ ጨርቁ ሥር ደረሰች።

ቅርጫቱ የለም። ሾላው ሥር ያለው አረንጓዴ ጨርቅ ነው። ጋሽ ዘርጋው ፍየሎች መጥተው እንዳይበሉት ብዬ ሸፈንኩት አሏት፤ አረንጓዴው ጨርቅ ለጊዜው ሥራ ስለሌለው ነው አሉ። ከሥሩ ቅርጫቱ አለ፤ በቅርጫቱም ውስጥ ቃሪያው እንደተለቀመ አለ። አንጓች ጉልበታቸውን ሳመች፣ ቅርጫቷን አናቷ ላይ አወጣች፣ ዳገቱን እንደገና ተያያዘችው።

አሁን ገመዱ ተፈታ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። ቃሪያው መጣ። ቃሪያው ሲመጣ ደወሉ ጮኸ። ደወሉ ሲጮኽ ጠጋኞቹ በሉ፣ በልተው ሲነሱ ፓምፑ ቆመ፣ ፓምፑ ሲቆም ቱቦው ተጠገነ። ቱቦው ሲጠገን መንገዱ ላይ ጠጠር ተበተነ፣ ፀሐዩም አገዘ፣ መንገዱ ደረቀ። መንገዱ ሲደርቅ መኪናው አለፈ። መኪናው ሲያልፍ ጄኔሬተሩ ጠጣ። ጠጥቶ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ተነሳ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ማሽኑ በራ። ማሽኑ ሲበራ ፍሬዘውድ ጠርሙሱን ከፈተች።

ወሬው ቀድሞ መንደሩ ደርሷል። ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ እንጨቱ ሥር ተሰብስቧል። ጠጋኞቹም ወርደዋል፣ ባዩሽ ድስቷን እንደያዘች ወርዳለች፣ ኢንጂነሩም ሰው ሲበዛ አይተው ወርደዋል። ጋሽ ዘርጋው አረንጓዴውን ጨርቅ ቃሪያ ቃሪያ እንደሸተተ አራግፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ፍሬዘውድ ከዳገቱ እየወረደች መጣች። ፈገግ አላለችም። ጋሽ ዘርጋው ጆሮ ላይ አንዲት ቃል ተናገረች።

ጋሽ ዘርጋው አረንጓዴውን አጣጥፈው ሾላው ሥር መልሰው አስቀመጡት። ቢጫውን አወረዱ። ቀዩን ሰቀሉ።

ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ጉደታ ወደ ወንዙ አየ፣ ከዚያ ወደ አንጓች አየ፣ ጠዋት የመከራት ምክር ትዝ ብሎት ፊቱ ተለዋወጠ። በዚያ ጸጥታ መሀል አንድ እልልታ ተሰማ። አንጓች ናት። ጀሪካኗን እንደ ከበሮ እየመታች እልል ትላለች። ኢንጂነሩ ሴትዮዋን ፀሐይ መታት ብለው ተጠጓት።

«እናቴ፣ ቀይ ነው እኮ የተሰቀለው» አሏት።

«አየሁት እንጂ» አለች አንጓች። «ቀይ ከሆነ ቦቴ ይመጣል አይደል?»

ስምምነቱ ስምምነት ነው፤ ከነምስክሩ መንደሩ ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል። ቦቴው ተጠራ። የቦቴው ሾፌር ከመኪናው ወረደና ምክንያት ለመደርደር አፉን ከፈተ። ባዩሽ ቀድማ ሽንኩርት የተሰነገ ቃሪያ በእንጀራ ጠቅልላ ጎረሰችለት፣ ይቅርታ፣ አጎረሰችው። ቃሪያው የአንጓች ቃሪያ ነው፣ ይለበልባል። ሾፌሩ መናገር አልቻለም፤ መናገር ሲያቅተው ነዳ። ጎማው መንደሩ እስኪደርስ አልቆመም።

የመጀመሪያው ጀሪካን የአንጓች ሆነ። ማንም አልተሻማትም። መደቧ ጋ ተንበርክካ እያንዳንዱን ችግኝ በቅል አጠጣች። ጥቂቶቹ አልተነሱም፤ ዘግይቶባቸዋል፣ ለእነሱ አለቀሰች። የቀሩት ግን ማታ ላይ አንድ በአንድ ቀና አሉ።

ጠጋኞቹ በማግስቱ የኩሬውን የአፈር ግድብ ዞረው ሲያዩ ፍልፈል በውስጡ መንገድ አውጥቶ አገኙት፤ ውሃው የሾለከው በዚያ ነው። ፍልፈሉን የከሰሰው የለም፣ እሱ ስምምነቱ ላይ አልነበረም። የፍልፈሉ ጉድጓድ ተደፈነ፣ ግድቡ ተጠቀጠቀ፣ ፍሬዘውድ ደጋግማ መረመረች። አንድ ማለዳም ጋሽ ዘርጋው ቤታቸው ተኝተው እንቁራሪቶቹ ጆሯቸውን ሲያደነቁሩት ሰሙ። አረንጓዴው ወጣ።

ከዚያ በኋላ ማዕድኑና መንደሩ እንደገና ተቀመጡ። ኢንጂነሩ አንጓችን ካሳ ምን እንስጥሽ አሏት። ሰው ሁሉ ጊደር ትላለች ብሎ ጠበቀ። አንጓች ግን ቀላል ነገር ነው የምፈልገው አለች፤ ቢጫ በተሰቀለ ቀን የመንደሩ ጀሪካን ባዶ እንደሚሆነው ሁሉ የኢንጂነሩም ቤት ቧንቧ ይዘጋ። መጀመሪያ ተሳቀ። ቀጥሎ ጋሽ ዘርጋው ልክ ነች አሉ። ቀጥሎ መንደሩ ልክ ነች አለ። ኢንጂነሩም ሌላ ምንም ማለት ስላልቻሉ ልክ ነሽ አሉ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ እንቁራሪቶቹ እንደገና ዝም አሉ። ጋሽ ዘርጋው ቢጫውን ሰቀሉ። ኢንጂነር ናሁሠናይ በዚያች ሰዓት ሻወር ውስጥ ነበሩ፤ ፀጉራቸው አረፋ ብቻ ነው። ቧንቧው ቀጥ አለ። ፎጣ አገልድመው ሲሮጡ ያየ ሁሉ ዛሬም ድረስ ያወራዋል። ናፍጣው በጀሪካን መጣ፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ማሽኑ አነበበ፣ ጨርቁ ወረደ፣ አረንጓዴው ወጣ። ደወሉ ገና ለቁርስ አልጮኸም ነበር። የኢንጂነሩ ፀጉር ላይ ያለው አረፋም አልደረቀም። የአንጓች ችግኞች ደግሞ ያን ቀን አንገታቸውን አልደፉም።

ተረቴን መልሱ፤ ጀሪካኔንም ሞልታችሁ አድርሱ።